ያልታዘዘ ስግደት

«ሌላ ስጡኝ አባቴ። እሱን አልችለውም። ስግደት ይሁን፤ መቶም ቢሆን እሰግዳለሁ።»

እንዲህ ያለችው እናቷ ናት። አቢጊያ ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ወይም አምስት። ጂማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ በነበረው የኪራይ ቤታቸው ውስጥ፣ መኝታውን ከሳሎኑ ከሚለየው መጋረጃ ጀርባ ጋደም ብላ ነበር። ትልልቆቹ የተኛች መስሏቸዋል። የንስሐ አባታቸው ቄስ ሀብተጊዮርጊስ ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጥተው ነበር፤ መጋረጃው ስለረጠበ ፊቷን ሲነካት ቀዝቀዝ ይላት እንደነበር ታስታውሳለች። ቄሱ ምን ብለው እንደመለሱ ግን አልሰማችም። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። አንድ የሴት ስም የተጠራ ይመስላታል። ከዚያ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ፣ ከዚያ የእናቷ ለቅሶ፣ ከዚያ ምንም።

«አቢጊያ? የት ሄድሽ?»

አቢጊያ ቀና አለች። ዛሬ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከፊቷ የተቀመጡት ግን ያው ቄስ ሀብተጊዮርጊስ ናቸው። ጢማቸው ነጥቷል፤ ድምፃቸው ዛሬም ዝቅ ያለ ነው። አባቷ ሥራው ወደ ሰቃ ከተዛወረ ወዲህ ቤተሰቡ ከጂማ ቢወጣም የንስሐ አባታቸውን አልቀየሩም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ መጥታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው አግዳሚ ላይ፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ተቀምጣለች።

«የት ደርሼ ነበር አባቴ?»

«ዋሽቻለሁ ላይ ነበርሽ።»

«አዎ። ዋሽቻለሁ። ተቆጥቻለሁ። እናቴን መልሼ ተናግሬያለሁ። የጠዋት ጸሎት ብዙ ቀን ትቻለሁ። ደግሞ አንድ ረቡዕ ረስቼ ብስኩት በልቻለሁ፤ ወተት ያለበት።»

ይህን ቅደም ተከተል መንገድ ላይ አስባበታለች። ውሸቱ መጀመሪያ ላይ፣ በፍጥነት፣ ከሌሎቹ ጋር ተጎራብቶ። ብስኩቱ መጨረሻ ላይ፣ የሰሚ ጆሮ እዚያ ላይ እንዲቀር።

ቄሱ እንደጠበቀችው ፈገግ አሉ። «ምን ዓይነት ብስኩት ነው?»

«መሐሉ ክሬም ያለው።»

«እንግዲያው ያሳተሽ ክሬሙ ነው።» መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «የሚቆረበው መቼ ነው ብለሻል?»

«ለኅዳር ጽዮን ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በሙሉ አብረን።»

«መልካም። ሰባት ቀን፣ በየቀኑ አርባ አንድ ስገጂ። ስትተኚ አንድ መዝሙር ከዳዊት አንብቢ። ቅዳሜ ጨርሰሽ ስትመጪ እግዚአብሔር ይፍታሽ እልሻለሁ።» መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «የቀረ ነገር አለ?»

ከቅጥሩ ውጭ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋ።

«የለም አባቴ» አለች።

* * *

የቀረው ነገር የሆነው በጥቅምት ማብቂያ፣ አርብ ቀን ነው።

የአቢጊያ አባት ከፈለ ሰቃ ዳር ያለው የቡና ማድረቂያ ግቢ ኃላፊ ነው። ግቢው ውስጥ ሃያ ሁለት አልጋዎች አሉ፤ አልጋ ይባሉ እንጂ የእንጨት እግር ላይ የተወጠሩ ረጃጅም የሽቦ ወንፊቶች ናቸው። የታጠበው ቡና ገለባው ሳይወልቅ እዚያ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች አልጋዎቹን ግራና ቀኝ ይዘው የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማሉ። ደመና ሲመጣ ላስቲክ ይሳባል። ሊደርቅ ሲል ዝናብ የነካው ቡና ይሸታል፤ የሸተተ ቡና ደግሞ ከዚያ በኋላ ምንም ቢያደርጉት ሽታው አይለቀውም።

ግቢውን አሥራ አንድ ዓመት የጠበቁት አባባ ሀምዳን ነበሩ። በየሳምንቱ አርብ ለጁምዓ ሶላት ወደ መስጊድ ሲሄዱ፣ እስኪመለሱ ድረስ በእሳቸው ቦታ የሚቆመው ራሱ ከፈለ ነው። ያን ዕለት ግን ከፈለ ለስብሰባ ጂማ ተጠርቶ ዘገየ። ሴቶቹ ለምሳ ወጥተዋል። አቢጊያ ከትምህርት ቤት ወጥታ የመጋዘኑን ቁልፍ ልታደርስ ስትመጣ፣ አባባ ሀምዳን ታጥበው፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው መንገዱን ያያሉ።

«ኢንተላ ኮ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አባትሽ ቀረ። ጁምዓ ሊያልፈኝ ነው። ትንሽ ትቆሚልኛለሽ? በዚያ ማዶ ከጠቆረ ላስቲኩን ሳቢ። ጠብታ አትጠብቂ፤ መጥቆሩ ይበቃል። አደራ።»

«ሂዱ አባባ ሀምዳን። እኔ አለሁ።»

ሩብ ሰዓት ያህል በእውነት ቆማለች። ግቢው ውስጥ ኔትወርክ የለም። የክፍሉ ቴሌግራም ላይ ደግሞ የሚድ ውጤት ይለቀቃል ተብሏል። ከአጥሩ ወጥቶ መንገዱን ተሻግሮ፣ ከኪዮስኩ አጠገብ ሲቆሙ ኔትወርኩ ጥሩ ነው። አምስት ደቂቃ፣ አለች ለራሷ። ፋይሉ ለመከፈት ዘገየ። ሲከፈት ፊዚክስ ከሠላሳ ሃያ ስድስት አምጥታለች። አንዷ ጓደኛዋ ቮይስ ላከች፤ መለሰችላት። ሌላዋ ላከች። የስልኩ መስታወት ላይ ጠብታ ሲያርፍ ነው ቀና ያለችው።

ሮጣ ስትመለስ፣ በአጥሩ ስንጥቅ በኩል አባባ ሀምዳን ታዩዋት። ከመስጊድ እየሮጡ መጥተዋል። በዚያ ነጭ ጀለቢያ፣ ኮፍያቸው ጭቃ ላይ ወድቆ፣ ከአልጋ አልጋ እየተሯሯጡ ለብቻቸው ላስቲክ ይስባሉ። ገና ያልተሸፈነው ይበዛል።

በዚያች ደቂቃ ገብታ አንዱን ጫፍ ብትይዝላቸው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ጥፋት ይሆን ነበር እንጂ ውሸት አይሆንም ነበር። አልገባችም። በአጥሩ ዙሪያ ተጠማዝዛ ቤቷ ገባች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባቷ አስጠራት። ሴቶቹ ከምሳ ተመልሰው ቆመዋል። አባባ ሀምዳን እንደ ረጠቡ ናቸው።

«አቢጊያ» አለ ከፈለ፣ «አባባ ሀምዳን ግቢውን አደራ ብለውሽ ሄደው ነበር?»

አዎ ልትል ነበር አፏን የከፈተችው።

«አላሉኝም» አለች። «ቁልፉን አስቀምጬ ወዲያው ነው የሄድኩት።»

አባባ ሀምዳን አዩዋት። የቁጣ አስተያየት አልነበረም። የሚያውቁትን ሰው በማያውቁት አገር እንዳገኙ ዓይነት ነበር ያዩዋት።

«በዚህ ዕድሜዎ» አለ አባቷ፣ «በዚህ ዕድሜዎ በልጅ ያሳብባሉ?»

ከሴቶቹ አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። አባባ ሀምዳን አንገታቸው ላይ ያለውን ፊሽካ አውልቀው አጠገባቸው ያለው አልጋ ላይ፣ እርጥቡ ቡና ላይ አስቀመጡት። ወጥተው ሄዱ።

* * *

እሁድና ሰኞ አርባ አንድ ሰገደች። ማክሰኞ ስልሳ። ረቡዕ ጠዋት ተነስታ ሰማንያ ሰገደችና ጥቂት አረፍ ብላ ሃያ ጨመረች። የሚገርመው፣ በጨመረች ቁጥር ልቧ ቀለል የሚላት ስትሰግድ ብቻ ነው። ነጠላዋን አጣጥፋ ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ ያው ነገር በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

«ምን ሆነሽ ነው እንደ አሮጊት እየተደገፍሽ የምትነሺው?» አለቻት ፈድሊያ።

ፈድሊያ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ከእሷ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ትቀመጣለች። የአባባ ሀምዳን የልጅ ልጅ ናት፤ እሳቸው ቤት ነው የምትኖረው።

«ጂም ጀምሬ ነው» አለች አቢጊያ።

«ሰቃ ውስጥ? የቱ ጋ ነው ያለው ጂሙ? በግ ተራ?»

«ቤት ነው የምሠራው፣ በዩቲዩብ።»

«ወላሂ ጨርሰሻል! ጂመኛ!» ፈድሊያ ጠረጴዛውን እየመታች ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። «እንኳን አንቺ፣ አባባም ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ሥራ አቁሟል አይደል? ውሸቱን ነው እኮ፤ ጉልበቱ ደህና ነው። ቀኑን ሙሉ ቅርጫት ይሠራል። አሥራ ሦስት ቅርጫት አለን፤ ማን ሊይዘው ነው? ደግሞ አርብ መስጊድ ሲሄድ በማድረቂያው በኩል አያልፍም። በባሕር ዛፉ ዞሮ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ነው የሚሄደው። ጉልበቱን ያመመው ሰው ዳገት ይመርጣል? አባትሽ የሆነ ነገር ብሎታል እንዴ?»

«እኔ እንጃ» አለች አቢጊያ።

ስለዚያ አርብ ሁለተኛ ውሸት። ይኼኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ቀላል ሆኖ ነው የወጣው፤ ያስደነገጣትም እሱ ነው።

አርብ ጠዋት እናቷ መንበረ ክፍሏ ገባች። መንበረ የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት ናት፤ የተማሪዎቿን ደብተር በአንድ እጇ፣ ሻይ በሌላው ይዛ ነበር። አቢጊያ ከወለሉ ስትነሳ ደረሰችባት።

«ስንት ነው ያዘዙሽ?»

«አርባ አንድ።»

«ከግድግዳው ወዲያ ሆኜ መቶ ሃያ ቆጠርኩ።»

አቢጊያ ወለሉን አየች። መንበረ ሻዩን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ለመጠየቅ የመጣች አትመስልም፤ ለመሄድም አልተነሳችም።

«እማዬ፣ ጊንጆ ጉዱሩ እያለን ቄስ ሀብተጊዮርጊስን ‹ሌላ ስጡኝ› ብለሻቸው ነበር። መቶ ስግደት ስጡኝ ብለሽ ነበር።»

የመንበረ እጅ ደብተሮቹ ላይ ቆመ። «ተኝተሽ ነበር እኮ።»

«አልተኛሁም።»

«መቶ አላልኩም። ሁለት መቶ ነው ያልኩት።» «የኔነሽ የምትባል ጎረቤት ነበረችን። አታስታውሺያትም። የማላውቀውን ነገር እንደማውቅ አድርጌ ስሟን አንስቼ አወራሁ። ወሬው ትዳሯ ድረስ ገባ። ቄሱ ሂጂና ራስሽ ንገሪያት አሉኝ።»

«ሄድሽ?»

«ሁለት ጊዜ በሯ ድረስ ሄጃለሁ። አንድ ጊዜ አንኳኩቼም ነበር፤ ከመከፈቱ በፊት ተመለስኩ። ከዚያ እሷ ሰፈር ለቀቀች። እኛም ወደዚህ መጣን።»

«ሁለት መቶውስ?»

«ሰገድኩታ። ማንም ሳያዘኝ። እስከ ዛሬም እሰግዳለሁ።» መንበረ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ፣ «ሻዩ ይቀዘቅዝብሻል» አለች፤ ወጣች።

* * *

ቅዳሜ ጂማ ስትደርስ ቄስ ሀብተጊዮርጊስ ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ከአጥሩ ሥር ሣር ይነቅላሉ። ሲያዩዋት እጃቸውን አራገፉና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ጨረስሽ?»

«ጨምሬም ነው የሰገድኩት አባቴ። ትናንት መቶ ሃያ።»

«ማን ጨምሪ አለሽ?»

«ማንም።»

«ሐኪም በቀን ሁለት ኪኒን ቢያዝልሽ ስድስት ትውጫለሽ?»

ሳቋ አልመጣላትም። «አልተሻለኝማ» አለች፤ ድምፅዋ እዚያ ላይ ተሰበረ። ቄሱ አላባበሏትም። አልቸኮሉባትም። ሣር የነቀሉበትን ጣታቸውን እያሹ ጠበቁ።

ነገረቻቸው። በዚህ ጊዜ ዝርዝር አልነበረም፤ አንድ ነገር ብቻ ነው። አርቡን፣ አደራውን፣ ኪዮስኩን፣ በአጥሩ ስንጥቅ ያየችውን ነጭ ጀለቢያ፣ «አላሉኝም» ያለችውን። ሠላሳዎቹን ሴቶች። አባቷ የተናገረውን። ፈድሊያን። ስትጨርስ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ያለው ጥለት በእንባ ረጥቦ ነበር።

«ባለፈው ቅዳሜ ‹ዋሽቻለሁ› ያልሽኝ ይኼን ነው?»

«አዎ። ብስኩቱን የጨመርኩት...»

«ብስኩቱ ገብቶኛል» አሉ። «ጴጥሮስን ታውቂዋለሽ። ሰዎች እሳት ሲሞቁ፣ አንዲት ገረድ ጠየቀችው፤ ‹አላውቀውም› አለ። በኋላ መራራ ለቅሶ አለቀሰ። ይሁዳስ?»

«ይሁዳ አሳልፎ ሰጠ።»

«ከዚያስ? ይሁዳም እኮ ተጸጽቷል። ብሩንም መልሷል። ‹በድያለሁ› ብሎም በአፉ ተናግሯል። ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል። ታዲያ ሁለቱን ምን ለያቸው?»

አቢጊያ አሰበች። መልሱን በሰንበት ትምህርት ቤት የሰማችው አልመሰላትም።

«ይሁዳ የሄደው ወደ ካህናቱ ነው» አሉ ቄሱ። «በድያለሁ ያለው ለእነሱ ነው። ወደ በደለው ጌታ አልሄደም። ጴጥሮስ ግን፣ ጌታን ባሕሩ ዳር ቆሞ ሲያየው ጀልባው እስኪደርስ እንኳ አልጠበቀም። ውሃ ውስጥ ገብቶ ወደ እሱ ሄደ። ማዘንማ ሁለቱም አዝነዋል። ንስሐ ግን ያዘነ ሰው የሚሄድበት ቦታ ነው።» ከዚያ በቀስታ ጨመሩ፦ «አንቺ እኔ ጋ መጣሽ። ደግ አደረግሽ። እኔ ግን ሀምዳን አይደለሁም።»

«እሳቸው እኮ ሙስሊም ናቸው አባቴ። ንስሐ ብላቸው...»

«ስትዋሺባቸው ሃይማኖታቸውን ጠይቀሽ ነበር?»

ፊቷ ጋለ።

«ስግደቱ ይብቃሽ። ከዛሬ ጀምሮ አንድም እንዳትሰግጂ፤ ይኼ ትእዛዝ ነው። ሂጂና ለእሳቸው ንገሪያቸው። ከዚያ ስትመጪ እኔ እዚሁ ነኝ።»

«አባቴ፣ ሌላ...» አለችና አፏ ላይ ያለው ድምፅ የእናቷ መሆኑን ሰማች። የቀረውን ዋጠችው።

ቄሱ ዓረፍተ ነገሩን እንድትጨርሰው አልጠየቋትም።

* * *

የሰቃው ሚኒባስ እስኪሞላ ብዙ አስጠበቃት። መንገዱን በሙሉ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ የምትለውን እያሰካካች መጣች። «ይቅርታ አባባ ሀምዳን፣ ፈርቼ ነው።» «ፈርቼ ነው» የሚለውን አወጣችው። «አባቴን ፈርቼ» የሚለውንም አወጣችው። ሰቃ ስትደርስ የቀረው በጣም አጭር ነበር።

በሩን የከፈተችው ፈድሊያ ናት።

«ኦ፣ ጂመኛዋ! ሰላም ነው? ምነው ዓይንሽ አበጠ?»

«አባባ ሀምዳን አሉ?»

«ጓሮ ነው። አሥራ አራተኛውን ቅርጫት እየሠራ ነው። ግቢ፣ ውሃ ላምጣልሽ።»

አባባ ሀምዳን ከሙዝ ተክሉ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ። ቀና ብለው አዩዋት። ቢላዋቸውን አላቆሙም።

«ታኢ» አሉ፤ በእጃቸው ሌላውን በርጩማ እያሳዩ። «ቁጭ በይ።»

አልተቀመጠችም። ከተቀመጠች የምትረሳው መሰላት። «አባባ ሀምዳን፣ ያን ዕለት አደራ ብለውኛል። እኔ አለሁ ብያለሁ። ከዚያ ትቼ ወጣሁ። ሲሮጡ ደግሞ በአጥሩ አይቼዎታለሁ። አልገባሁም። አባቴ ሲጠይቀኝ ዋሸሁ።»

ቀርከሃው ተሰነጠቀ።

«በአጥሩ ማየትሽን አላውቅም ነበር» አሉ። «ሌላውን አውቃለሁ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ እኮ። ያኔውኑ፣ በዚያው ቀን የማታውን ሶላት፣ ኢሻን ሰግጄ ይቅር አልኩሽ። ልጅ ነሽ፤ ደነገጥሽ። አላህ አይያዝብሽ።»

አቢጊያ ተቀመጠች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደረቷ ላይ የነበረው ነገር በአንድ ቃል ተነሳላት። «አመሰግናለሁ» አለች። «አመሰግናለሁ አባባ። ስለዚህ... አለቀ ማለት ነው?»

«በእኔና በአንቺ መካከል ያለው አልቋል።» ቢላዋውን መሬት ላይ አስቀመጡት። «ግን ስሚ። የእኔ ስም እዚህ ጓሮ አይደለም የወደቀው። እዚያ ነው፤ አልጋዎቹ መሐል። ሠላሳ ሴት እያየ። ግማሾቹን ለአባትሽ ነግሬ ሥራ ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ። አሁን ገበያ ላይ ሲያዩኝ አንገታቸውን ይደፋሉ። ሌባ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር ወላሂ። በልጅ የሚያሳብብ ሽማግሌ!»

«ለአባዬ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ። መጥቶ ይቅርታ ይጠይቅዎታል።»

«ይምጣ፤ ቤቴ ቤቱ ነው። እሱ ልጁን አመነ፤ ልጁን ማመን ጥፋት አይደለም። ግን ከፈለ እዚህ መጥቶ ጆሮዬ ላይ የሚናገረው እዚያ አይሰማም። በሰው ፊት የወሰድሽውን በሰው ፊት ነው የምትመልሽው። በእኛም፣ የሰው ሐቅ ለባለቤቱ ሳይመለስ ተውበት፣ ንስሐው፣ ጎደሎ ነው። የእናንተ ቄስ ምን አሉሽ?»

«ሂጂ አሉኝ።»

«ኤዬ፣ አዎ። መጣሽ። ገና ግማሽ መንገድ ነው።»

ሴቶቹ ዓይኗ ላይ መጡ። ጠዋት ጠዋት አልጋ ከመከፋፈላቸው በፊት በሩ ጋ ተሰብስበው የሚቆሙት፣ ሻሻቸውን እያሰሩ የሚሳሳቁት። እያንዳንዳቸው ስሟን ያውቃሉ። «የከፈለ ልጅ፣ ጨዋዋ» ነው የሚሏት። አባቷ እዚያው፣ መዝገቡን ይዞ ይቆማል። ያን ቀን የተናገረው ቃል በሁሉም ፊት ወደ እሱ ይመለሳል። እዚያ ቆሞ ሲሰማት ፊቱ ምን እንደሚሆን ለማሰብ ሞከረች፤ አልቻለችም።

«ስለዚህ ጂም አልነበረም» አለ አንድ ድምፅ።

ፈድሊያ የጓሮው በር ላይ ቆማለች። ብርጭቆውን ይዛዋለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አይታወቅም።

ማንም አልሳቀም።

«እኔ ለክፍሉ ሁሉ ‹አባባ ጉልበቱን አሞት ነው› እያልኩ» አለች። «አንቺ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ። ‹አባትሽ የሆነ ነገር ብሎታል እንዴ› ብዬ ስጠይቅሽ ምን አልሽኝ?»

«እኔ እንጃ አልኩሽ።»

«‹እኔ እንጃ›!»

«ፈድሊያ» አሉ አባባ ሀምዳን። «ውሃውን ስጫት።»

ፈድሊያ መጣች። ብርጭቆውን በእጇ አልሰጠቻትም፤ በርጩማው አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጠችውና ከአያቷ ጀርባ ሄዳ ቆመች። አቢጊያ ብርጭቆውን አየችው። ይህኛው በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ እንዳልሆነ ገባት። ለዚህ የሚሆን ዓረፍተ ነገር በሚኒባሱ ውስጥ አላዘጋጀችም።

«አንቺንም በድያለሁ» አለች። «አሁን መልስ አልጠብቅም።»

ፈድሊያ ጎንበስ ብላ የተሰነጠቀውን ቀርከሃ ትሰበስብ ጀመር።

አቢጊያ ወደ አባባ ሀምዳን ዞረች። «ሰኞ ብናገር ይመጣሉ? እዚያ ቆመው ይሰሙኛል?»

«እኔ? እዚያ ግቢ እግሬን አላስገባም።»

«እርስዎ ከሌሉ ግን...» እንዴት እንደምትለው አላወቀችም። እሳቸው ቆመው ቢያዩዋት፣ ስትጨርስ ራሳቸውን ነቅነቅ ቢያደርጉላት፣ ያን ያህል ከባድ አይሆንም ነበር። ያ ብቻ ነው የፈለገችው።

«እኔ ከሌለሁ ትቀሪያለሽ?» አሉ። ሊያሳፍሯት አይመስልም፤ መልሱን በእውነት ማወቅ የፈለጉ ይመስላል።

ከሙዙ ቅጠል ላይ የጠዋቱ ዝናብ ጠብ ጠብ ይላል። አቢጊያ ቆየች። ለማልቀስ ወይም ለመለመን አልቆየችም፤ ለዚህ ሰው ሁለተኛ ጊዜ «እኔ አለሁ» ብላ እንዳታጎድል፣ የምትለውን ነገር መቻል አለመቻሏን እየመረመረች ነበር።

«አልቀርም» አለች በመጨረሻ። «ለአባዬ ዛሬ ማታ ራት ላይ እነግረዋለሁ፤ እዚያ ቆሞ ድንገት እንዳይሰማው። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ፣ ሴቶቹ ወደየአልጋቸው ሳይከፋፈሉ፣ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ። አደራ እንዳሉኝ፣ እኔ እንደተውኩት፣ እርስዎ እውነቱን እንደተናገሩ። እርስዎ ቢመጡም ባይመጡም።»